ከእሳቱ በኋላ፦ የተቃጠለ ሕንፃ መቼ ይደገፋል፣ መቼስ ይፈርሳል?

ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እኛ ጥምቀትን ስናከብር፣ ቴህራን ውስጥ ፕላስኮ የሚባል ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። ውስጡ በሱቆችና በልብስ ስፌት ቤቶች የታጨቀ ነበር። ፖሊስ ሰው እንዳይገባ ሲከለክል፣ ነጋዴዎች ደግሞ «ዕቃዬን ላውጣ» እያሉ ይታገሉ ነበር። እሳቱ ከተነሳ ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ሕንፃው በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታየ በሰከንዶች ውስጥ ተደረመሰ። 16 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠልም ሰው ዕቃውን ለማትረፍ ሲሯሯጥ አይተናል። የዕድሜ ልክ ጥሪት ነውና ማንም አይፈርድበትም። ግን የተቃጠለ ሕንፃ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

መጀመሪያ ስለ ብረት። ብረት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሱቅ ውስጥ የተነሳ እሳት ደግሞ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። ብረት ሲግል ይረዝምና ግድግዳውን ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሰበሰብና መገጣጠሚያውን ይጎትታል። እሳቱ ጠፍቶ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ የሚሰማው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

አርማታስ? ብዙ ሰው «ኮንክሪት አይቃጠልም» ይላል። እውነት ነው አይነድም፣ ግን ይጎዳል። ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ጥንካሬው መቀነስ ይጀምራል፤ ሲቀዘቅዝም የጠፋው አይመለስም፣ እንዲያውም የባሰ ሊደክም ይችላል። ባለሙያዎች ቀለሙን የሚያዩትም ለዚህ ነው፦ ወደ ሮዝ የተለወጠ አርማታ ብዙ ጊዜ ከ300 ዲግሪ በላይ እንደጋለ ይናገራል። ልባጡ ረግፎ ፌሮው ከታየ ደግሞ ሌላ መጥፎ ምልክት ነው።

ውሃውንም አትርሱ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። የጨርቅ ጥቅል የሞላበት ፎቅ ላይ ያ ሁሉ ውሃ ሲረጭ ጨርቁ ይመጠዋል፣ ሸክሙም በደከመው ሶሌታ ላይ ያርፋል። የጭቃ ቤት ከሆነ የራሰው ግድግዳ ራሱ ይናዳል። ጣሪያው የተቃጠለበት የብሎኬት ግድግዳም የሚይዘው ስለሌለ ለንፋስ እጁን ይሰጣል።

ታዲያ ባለሙያዎች ምን ያደርጋሉ? መብራቱ መቆረጡን ያረጋግጣሉ፣ ዙሪያውን ያጥራሉ። አጥሩ ከምታስቡት በላይ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳ ወደ ውጭ ሲወድቅ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይደርሳል፣ ስብርባሪው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ቀጥሎ መሐንዲስ ኮለኑን፣ ቢሙንና ሶሌታውን ይመረምራል። መዳን የሚችለው በፑንቴሎ ይደገፋል። ሊደገፍ የማይችልና መንገድ ወይም ጎረቤት ላይ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ ወዲያው ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ ሙሉው ሕንፃ ሳይሆን አደገኛው ክፍል ብቻ ነው የሚወርደው።

አፈራረሱም ዝም ብሎ ኤክስካቫተር ማስገባት አይደለም። በተቻለ መጠን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው፤ ከታች ከተጀመረ የላይኛው ማሽኑ ላይ ይመጣል። ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ካለ መጀመሪያ ተቆርጦ ይለያል፣ አለበለዚያ ያልተቃጠለውን ቤት አብሮ ይጎትታል። ውሃ እየተረጨ አቧራው ይታፈናል። የእሳቱን መንስኤ የሚያጣሩ ሰዎች ካልጨረሱ ደግሞ የሚፈርሰው ለደኅንነት የግድ የሆነው ብቻ ነው።

ትዕግስት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ፓሪስ ኖትርዳም ላይ አይተናል። ካቴድራሉ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሲቃጠል ለጥገና የቆመው የብረት መወጣጫ እርስ በርሱ ቀልጦ ተጣበቀ። ወደ 40,000 የሚጠጋ ቱቦ ነበር። ቢወድቅ የቀረውን ሕንፃ ይዞት ይሄድ ስለነበር፣ በገመድ የተንጠለጠሉ ሠራተኞች እየቆረጡ ለማንሳት ወራት ፈጀባቸው። መልሶ ግንባታው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተ ጋ ቢደርስስ? መሐንዲስ አይቶት «ግቡ» እስኪባል ድረስ አትግቡ፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ነገር የለም። በአገራችን ሕንፃን የሚቆጣጠረው የሕንፃ ሹም የሚባለው አካል ስለሆነ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ። ከመፍረሱ በፊት ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ በየአቅጣጫው ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፤ ለኢንሹራንስም ለክርክርም ይጠቅማል (ላይቩ ይቆይላችሁ)። ጎረቤት ከሆናችሁ የራሳችሁን ግድግዳም አንሱ፣ አዲስ ስንጥቅ ከመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ጭስ ዳግም ካያችሁ አዲስ አበባ ውስጥ 939 ደውሉ፤ የጨርቅ ክምር ውስጡ ለቀናት ሊጤስ ይችላል።