የአንጎል ምርመራና የነርቭ ምህንድስና፦ ለተማሪዎችና ለወላጆች አጭር መረጃ

ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉ ሠፈሮቻችን ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሙያ መኖሩን የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

የራስ ቅል ሳይከፈት የአንጎልን ቅርጽና ሥራ ማየት ይቻላል። ኢኢጂ የተባለው መሣሪያ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1924 ነበር። ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ምስል ያወጣል። የነርቭ ምህንድስና ከነርቭ ጋር የሚሠሩ መሣሪያዎችን ይፈጥራል፤ መስማት ለተሳናቸው በውስጥ ጆሮ የሚተከለው ኮክሌር ኢምፕላንት አንዱ ነው።

ለምን ያስፈልገናል?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በብዙ ቤት "ጂን ነው" እየተባለ ሳይታከም ዓመታት ያልፋሉ። ሩቅያ ማድረግ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። ልጁን የሚጥለው የአንጎል ሕዋሳት ኤሌክትሪክ ከመጠን በላይ ሲናወጥ ነው፤ ኢኢጂ ይህን ለመለየት ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

የመሣሪያው መኖር ብቻ ግን አይበቃም። የተለመደው የሆስፒታል ኤምአርአይ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት ያለው፣ በአብዛኛው በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝና አስተማማኝ መብራት የሚፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ 0.064 ቴስላ ብቻ ሲሆን ከተራ ሶኬት ይሠራል፤ ምስሉ ግን ያን ያህል ጥርት ያለ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የትኛው እንደሚያዋጣ የሚያጠና፣ የሚጠግንና የሚያሻሽል ሰው ያስፈልጋል።

መንገዱ እንዴት ነው?

1. በሁለተኛ ደረጃ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ መስመር፤ በተለይ ሒሳብና ፊዚክስ።

2. በመጀመሪያ ዲግሪ፦ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስና ሕክምናም ያስገባሉ።

3. በራስ ጥረት፦ ስታቲስቲክስና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ። ኦፕንኒውሮ ላይ የአንጎል ምርመራ መረጃዎች፣ ኤምኤንኢ-ፓይተን የተባለው መተንተኛም በነፃ ይገኛሉ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ ማሽኑ አጠገብ ሳይደርስ መለማመድ ይችላል።

4. ማስተርስና ፒኤችዲ፦ ተመራማሪ ለመሆን የግድ ናቸው። በአሜሪካ በዚህ ዘርፍ ብዙ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው ለኑሮም ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ገንዘብ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

በአገራችን ለዚህ ምርምር ብቻ የተከፈተ የሥራ መደብ ጥቂት ነው። አብዛኛው ተመራቂ በሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ወይም በማስተማር ይጀምራል። ይህ ግን ሊለወጥ ይችላል። በጥቁር አንበሳ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች እዚሁ ይሠለጥናሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ፊዚክስ ከወደደ "ምን ሥራ ይገኝበታል?" ብላችሁ አታስጥሉት፤ መምህሩን አነጋግሩ። አላህ ያግራላችሁ።