ሰማያዊው ክር ከየት መጣ?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ጋራ በሚያወጣው አቀበት ላይ ሰፌድና ሌማት እየሰፉ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አንጠቅስም። የሚሰፉት ሁሉ ሰማያዊ ነው። ደማቁም፣ ፈዛዛውም፣ ወደ ጥቁር የሚያደላውም አለበት፤ ከሰማያዊ ግን አይወጡም። ክሩን ከሱቅ አይገዙትም። ያረጀ የተማሪ ሹራብ ይለምናሉ፣ አንዳንዴም ልዋጭ ከሚሉት ላይ ይገዛሉ፤ ከዚያ ከአንገቱ ጀምረው ይተረትሩታል። የተተረተረውን ክር በውኃ ነክረው በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጥሙታል፤ ሲደርቅ መጨማደዱ ይለቃል። ውስጡ አክርማ፣ ላዩ የሹራብ ክር፣ መብሻው ያው ወስፌ ነው። «ለምን ሰማያዊ ብቻ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ደስ ይለኛላ! ለዚህ ደግሞ ምክንያት ሊጠየቅ ነው እንዴ?» አሉን።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኚህ እናት አንድ ቀን ሥራቸውን ተሸክመው ወደ አንድ የባህል ዕቃ ባዛር ሄደው ነበር። ዕቃውም ተሸክመን የሄድነው እኛ ነን። በር ላይ የነበሩት ሰው ሌማቱን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ ይህ የአሮጌ ሹራብ ክር ነው፣ ባህላዊ አይደለም፣ ባህላዊ ማለት በአለላ የተሰፋ ነው ብለው መለሷቸው። እሳቸው ምንም አልተናገሩም። እኛም አልተናገርንም። ታሪክና ቋንቋ እንማራለን የምንል ሰዎች ዝም ብለን ቆምን፤ እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን «ሰውየው እኮ ልክ ነው» ያለም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ዝምታ ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስና «ባህላዊ» የምንለው የሸማ ጥለት ቀለሙን ከየት ያመጣ እንደ ነበር እንይ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ በአድዋ አልፎ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በ1771 መጨረሻ ላይ ተመለሰ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ብዙ ይላል፤ አንባቢም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ስለ ዕፀዋት ሲጽፍ በመሐል ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር አለች። የአገሩ ሰው ቢጫ ቀለም ከተክል እያወጣ ክር ይነክራል፤ ጥቁር ሰማያዊ የማቅለም ጥበብ ግን ስለሌለው ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ተርትሮ፣ ክሩን ከቢጫው ጋር አድርጎ እንደገና ይሸምነዋል ይላል።

ልብ በሉ፤ ተርትሮ ነው የሚለው! ሱራት በህንድ አገር፣ በጉጃራት ያለች የወደብ ከተማ ናት። ጨርቁ እዚያ ተፈትሎ፣ ተነክሮ፣ ተሸምኖ፣ በመርከብ ቀይ ባሕር ገብቶ፣ ከምጽዋ በሲራራ ነጋዴ ተጭኖ ደጋውን ወጥቶ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ ያለቀለት ልብስ ነው። የእኛ ሰው ግን ያለቀለት ልብስ አድርጎ አላየውም፤ ክር አድርጎ አየው። ድሩን ከማጉ ለየና ለራሱ ሸማ ጥለት አደረገው።

ለምን እንዲህ ይደከማል? ምክንያቱ በቀለሙ ጠባይ ውስጥ ነው ያለው። ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠው የኢንዲጎ ቅጠል እንደ ሌላው ቀለም በውኃ ቀቅለው ክር ቢነክሩበት የሚይዝ አይደለም። ቅጠሉ መብላላት አለበት፤ ከዚያ ቀለሙ አመድ ወይም ኖራ በገባበት ጋን ውስጥ እንደገና ሲብላላ ነው የሚሟሟው። ክሩ ከጋኑ ሲወጣ ሰማያዊ አይደለም፤ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ መልክ አለው። ነፋስ ሲያገኘው ነው ዓይናችን እያየ ሰማያዊ የሚሆነው። ይህን ጥበብ የሚያውቅ እጅ በሌለበት አገር ሰማያዊን ማግኛው መንገድ የተነከረውን መፍታት ነው። ደግነቱ ኢንዲጎ አንዴ ከያዘ በውኃ ቶሎ አይለቅምና፣ ተተርትሮ የወጣው ክር ቀለሙን እንደ ያዘ ይወጣል። ደግሞም ጥለት ጠባብ ነው። አንድ ጨርቅ ቢለብሱት ለአንድ ሰው ነው፤ ቢተረትሩት ግን ለስንት ሸማ ጠርዝ ይበቃል። ስስት አይደለም፣ ስሌት ነው።

(ቋንቋችንም ቢሆን አንድ ነገር ሹክ ይለናል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ የየራሳቸው ስም አላቸው። ሰማያዊ ግን ስሙን የተዋሰው ከሰማይ ነው።)

ከውጭ የመጣ ቀለም በአገራችን ትናንት የተጀመረ ነገርም አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት ስሙን ያልነገረን አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ቀለም የተነከሩ ልብሶች ይገኛሉ። በጎንደር ዘመን ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተሠሩት ትልልቅ የሐር ጥበቦች ሐራቸው የውጭ ነው፤ ዛሬ በለንደንና በቶሮንቶ ሙዚየሞች የሚታዩት እነዚህ መጋረጃዎች ግን የኢትዮጵያ ሥራ አይደሉም የሚል እስከ ዛሬ አልሰማንም። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ ተጓዦች የክርስቲያኑ ምልክት ነው እያሉ የጻፉለት፣ ባንገት የሚታሰረው ሰማያዊ የሐር ማተብስ? ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ከማተብ የበለጠ የእኛ የሆነ ነገር ምን አለ?

እንዲህ ያደረግነውም እኛ ብቻ አይደለንም። ዛሬ የአፍሪካ ኩራት የሚባለው የጋናው ኬንቴ በ18ኛው መቶ ዓመት የአሻንቲ ሸማኔዎች የአውሮፓን ሐር እየተረተሩ ያደመቁት ጨርቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ ናቫሆ የሚባሉት ሕዝቦች ደግሞ ነጋዴ ያመጣውን ቀይ የሱፍ ጨርቅ እየፈቱ በብርድ ልብሳቸው ላይ ሸምነውታል፤ ያ ብርድ ልብስ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ጋናዊውን ወይም ናቫሆውን «ይህ የአሮጌ ጨርቅ ክር ነው» ብሎ ከበር የሚመልስ ማን ነው?

ታዲያ የእኛ እናት ለምን ተመለሱ? እኛ እንደሚመስለን ነገሩ የክር ብቻ አይደለም። በአገራችን የእጅ ሥራ ሲወደድ፣ ሠሪው ሲናቅ ኖሯል። ባላባቱ ጥለቱን አጣፍቶ ለብሶ፣ የሸመነለትን ሰው ስም እያወጣ ይሰድበው ነበር። ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማወቅ፣ ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ያስነገሩትን አዋጅ ማየት ይበቃል። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አዋጁ ያስታውቃል፤ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ነው። መቼም ስድብ ባይበዛ አዋጅ አይወጣም። አዋጁ አፍን ሊያስር ይችላል፤ ዓይንን ግን አላሰረም። ዛሬም ዕቃውን ገልብጦ አይቶ ሰውየዋን ሳያይ የሚመልስ ዓይን አለ። ያን ዕለት የእኛም ዓይን ከዚያው ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው በማን ሰፈር መሰላችሁ? ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች ከእንጦጦ ግርጌ በሰጡት መሬት ዙሪያ የበቀለ ሰፈር ነው። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ስንት ዘመኑ! ሰዉ ግን አሮጌውን የፈረንሳይ ቃል አልጣለውም፤ በአማርኛ ምላሱ እንደገና ሸምኖ የሰፈሩ ስም አደረገው። «ፈረንሳይ» ብሎ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ፓሪስን አያስብም። ቀና ብለን ጋራውን ስናይም ያው ነው። እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ ማን ያስበዋል? ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እየነገረን፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ዛሬ የጋራው ፀጉር ሆኗል። በዚያው ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ስንቶቹ እናቶች ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ወርደዋል፤ ከእነሱም መካከል ሸክሙን ትተው ተደራጅተው ሽመናና ስፌት የያዙ አሉ።

አለላን አቃለልን እንዳይባል። በመስከረም ስንደዶ ለቅሞ፣ ነክሮ፣ አድርቆ የሚሰፋ እጅ ትልቅ እጅ ነው፤ መስኩ ያላት ትስፋበት። መስኩ ግን ቤት በሆነበት ሰፈር ስንደዶ ከየት ይምጣ? ለእኚህ እናት መስካቸው ትምህርት ቤቱ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ክርኑ የተቀደደ ሰማያዊ ሹራብ ይታጨዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ከየቤታችን ሦስት አሮጌ ሹራብ ይዘን ሄድን። ስለ ሱራት ጨርቅና ስለ ብሩስም ነገርናቸው። ወስፌውን ሳያቆሙ ሰሙንና፣ «እነሱስ ሲተረትሩ ክሩ እየተበጠሰ አስቸግሯቸው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ከሦስቱ ሹራቦች ሁለቱን በእግራቸው አጠገብ አኖሩና፣ ጥቁር ሰማያዊውን ወደ ብርሃን ይዘው አገላብጠው አዩት። ይኸኛው ለጠርዝ ነው ብለው ለብቻው አስቀመጡት።