የካቲት በጉራጌ ምድር

በታሪክ መጻሕፍት አንድ ቀን ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ተሸክሞ ሲገኝ አንባቢ መደነቁ አይቀርም። ነገር ግን መገጣጠም ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ ከተማቸው የተመለሱበት ዕለት ነው። ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችው አስቀድሞ በመጋቢት 28 ቀን ስለ ሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ልክ አምስቱ ዓመት በሞላበት ዕለት መግባታቸው የሰው አሳብ ያለበት መገጣጠም መሆኑ ይታወቃል። የሰው አሳብ የሌለበት መገጣጠም ደግሞ አለ። እኛ ዛሬ የምናነሣው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ወሩ የካቲት፣ ቦታውም ብዙ ሰው በዚህ ነገር የማያስበው የጉራጌ ምድር ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቡታጅራ ይደርሳል። ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። መንገደኛው ቡታጅራ ከመድረሱ በፊት በሶዶ አገር የጢያን ትክል ድንጋዮች ያገኛል። ቁጥራቸው 36 ነው፤ በብዙዎቹም ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጾባቸዋል። የዓለም ቅርስ ተብለው እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዝግበዋል። ከሥራቸው መቃብር አለ፤ ነገር ግን የተቀበረው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ዕለትም እንደ ሞተ ድንጋዮቹ አይናገሩም። ሰይፍ አላቸው፣ ቀን የላቸውም። የቡታጅራን የካቲት ግን ቀኑን ቈጥረን ልንናገረው እንችላለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከቡታጅራ ርቆ በዐድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ በዚያ ጦር ሜዳ ከተሰለፉት መካከል ሁለት ሰዎችን ለይተን እንመልከት። አንደኛው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ናቸው። እኚህ ሰው በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ሩሲያ የላኩትን መልእክተኛ ጓድ መርተው የሄዱ፣ ከዚያም ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ለዐድዋ የዘመቱ ናቸው። ከሩሲያ ብርድ በደኅና የተመለሱት ዳምጠው በዐድዋ ፀሐይ ወደቁ። በቤታቸው ሕፃን ልጅ ነበራቸው፤ ስሙም ደስታ ይባል ነበር።

ሁለተኛው በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ ናቸው፤ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ። ባልቻ የጉራጌ ተወላጅ ናቸው። የምኒልክ ሠራዊት የጉራጌን አገር በወጋበት ጊዜ ገና ብላቴና ሳሉ ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፤ በዚያም አድገው ለማዕርግ በቁ። በዐድዋ መድፈኞቹን እየመሩ የሠሩትን ጀብዱ ሕዝብ እስከ ዛሬ በግጥሙ ያነሣዋል። አገሩ በጦር ተይዛ እርሱ በምርኮ የሄደ ልጅ ለማረከው ንጉሥ ታላቅ የድል መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚወጣው ነገር ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ ዕለቱ ስለ ራሱ አንድ ነገር እንበል፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ነውና። የውጭ አገር መጻሕፍት የዐድዋ ጦርነት የሆነው በማርች 1 ቀን 1896 እንደ ነበረ ይጽፋሉ። እኛ ዛሬ የካቲት 23ን ስናከብር ግን በአውሮጳውያን አቈጣጠር ማርች 2 ይሆናል። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ማንም አልተሳሳተም። እኛ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን አድርገን ሳናዛንፍ እንቈጥራለን፤ በ1891 ዓ.ም. መጨረሻም እንዲሁ አደረግን። አውሮጳውያን ግን በምእት ዓመት ላይ የሚውለው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪን 29 ቀን አያደርጉም፤ ስለዚህ በ1900 ያችን ቀን አስቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። የዐድዋ ዕለት በእኛ ዘንድ ከየካቲት 23 አልተነቃነቀችም፤ የተንቀሳቀሰችው በእነርሱ መቍጠሪያ ላይ ነው።

ከዐድዋ በኋላ የባልቻና የደስታ ታሪክ በሌላ የካቲት ይገናኛል። ባልቻ በደጃዝማችነት ሲዳሞን እየገዙ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ቢጠሯቸው፣ ብዙ ሠራዊት አስከትለው መጥተው በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። በወርኃ የካቲት ለግብር ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሲበሉና ሲጠጡ ሳለ ራስ ካሳ ወደ ሰፈሩ ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። አንድ ጥይት ሳይተኰስ የአንድ ታላቅ መኰንን ኀይል በአንድ ግብር ላይ አለቀ። ሲዳሞ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ፤ ከብሩም በኋላ ለዚያ ለፊታውራሪ ዳምጠው ልጅ፣ ለራስ ደስታ። እንግዲህ የዐድዋው መድፈኛ ያጡትን አገር የዐድዋው ሟች ልጅ ተቀበሉት ማለት ነው። ባልቻ ታስረው ከቆዩ በኋላ ከመንግሥት ሥራ ርቀው ተቀመጡ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ሁለቱም ሰዎች በየፊናቸው የመጡት ወደዚሁ ወደ ጉራጌ ምድር ነው። ሽማግሌው ባልቻ በትውልድ አገራቸው ሳሉ እጄን እሰጣለሁ ብለው ወደ ጠላት እንደ ላኩ፣ የጠላት ሰዎች ሊረከቧቸው በቀረቡ ጊዜ ግን መሣሪያቸውን አንሥተው ተኲሰው እዚያው እንደ ወደቁ ይተረካል። የንፋስ ስልኩን ባዶ ሰፈር ያየ ሰው ዳግመኛ ያለ ተኲስ አልማረክም ማለቱ አያስገርምም።

የራስ ደስታ መንገድ ረጅም ነበር። በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተዋግተው ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም መሣሪያቸውን አልጣሉም። ይርጋ ዓለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ ራስ ደስታ፣ የባሌው ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ የቀረውን ሠራዊት ይዘው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ እየተከበቡ፣ ከከበባውም እየወጡ ወደ ሰሜን አቀኑ። ራስ ደስታ የልዕልት ተናኘ ወርቅ፣ ደጃዝማች በየነ የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባል ስለ ነበሩ ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱ አማቾች ናቸው። የመጨረሻው ውጊያ በቡታጅራ አቅራቢያ ጎጌቲ በተባለው ስፍራ በየካቲት 11 እና 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሆነ። ሠራዊቱ ተሰበረ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተረሸኑ፤ ራስ ደስታ ከጥቂት ሰዎች ጋር አመለጡ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ቀኑን ልብ ይበል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ፣ የወሩም ሚካኤል ነው። በዚያው ዕለት ግራዚያኒ በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ለኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደ፣ ለድኾች ምጽዋት ሊሰጥ ተቀምጦ ነበር። ሞገስ አስገዶምና አብርሃ ደቦጭ ቦምብ ወረወሩበት፤ እርሱም ቆሰለ። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁሉም ያውቀዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ግን ይለያያል። በገነተ ልዑል ቦምብ የወረወሩት ስለ ጎጌቲ፣ በጎጌቲም የተሰለፉት ስለ ገነተ ልዑል በዚያች ሰዓት ያውቁ ነበር ብለን ለማሰብ ይቸግረናል። በአንድ ጠላት ላይ፣ በአንድ ዓርብ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለት እጆች ሳይተዋወቁ ተነሡ።

ለጉራጌ ሕዝብ ደግሞ ዕለቱ ድርብ ሐዘን ነበር። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜም የብዙ ጉራጌ ነጋዴና የጉልበት ሠራተኛ መኖሪያ ስለ ነበረች፣ ከተገደሉት መካከል የጉራጌ ልጆች መኖራቸው አያጠራጥርም። ከቤት የቀረው በደጁ ጦርነት ሲያይ፣ ወደ ከተማ የላከው ልጁ በከተማ ይታረድ ነበር።

ታዲያ የካቲት 12 በየዓመቱ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር የአበባ ጕንጕን እየተቀመጠበት ሲዘከር ጎጌቲ ለምን ተረሳ? ምክንያቱ የውጊያው ማነስ አይመስለንም። አዲስ አበባ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችና ሐኪሞች ነበሩባት፤ ያዩትን ጽፈዋል፣ ፎቶግራፍም ተርፏል። ከጎጌቲ ሦስት አዛዦች ግን ሳምንት ቆይቶ ያየውን ሊጽፍ የቻለ አንድም አልነበረም። ቀን የሚታወሰው በተፈጸመበት ነገር ታላቅነት ብቻ ሳይሆን በተረፈው ምስክርም ጭምር ነው። የካቲት 12ን ለተማሪዎቹ የሚያስረዳ መምህር ከገነተ ልዑል ቀጥሎ የጎጌቲን ስም በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ትምህርቱ ይሞላል እንጂ አይበዛም።

ራስ ደስታ ብዙ አልራቁም። ለኢጣልያ ያደሩ የአገር ተወላጆች ተከታትለው ያዟቸው፤ የካቲት 17 ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ቡታጅራ ላይ ተረሸኑ። አዲስ አበባ ገና ሙታኗን ቀብራ አልጨረሰችም ነበር። አባታቸው በዐድዋ ከወደቁበት ዕለት እስከዚህ ዕለት ድረስ ብንቈጥር 41 ዓመት ሊሞላ ስድስት ቀን ብቻ ይጐድላል። አባት በየካቲት፣ ልጅ በየካቲት፤ አባት በዘመነ ዮሐንስ ድል በተደረገበት ሜዳ፣ ልጅ በዘመነ ማቴዎስ ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ፤ ገዳዩ ግን አንድ መንግሥት ነው።

ከነጻነት በኋላ የነዚህ ሰዎች ስም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተበተነ። የራስ ደስታ ሆስፒታል አለ፤ የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል አለ፤ ፈረንሳይኛ የሚማሩት ልጆች የሚሄዱበት ሊሴም የደጃዝማች ገብረ ማርያምን ስም ይዟል። ሕመምተኛውም ተማሪውም ስማቸውን በየቀኑ ይጠራል፤ ሦስቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ አገር ምድር እንደ ወደቁ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በሩሲያ ቀይ መስቀል የሚረዳው ሆስፒታል የባልቻን ስም መያዙም ሌላ ግጥምጥም ነው፤ የሩሲያን መንገድ የከፈቱት የራስ ደስታ አባት ነበሩና።

አሁን ወደ ሌላው የጉራጌ ከተማ ወደ ወልቂጤ እንሻገር። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። የዩኒቨርሲቲዋ ተማሪዎች በወልቂጤ በኩል ምን የታሪክ ቀን አለ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ሚያዝያ 27 ካለፈ በኋላ ያለው ወር ነው። የድሉ በዓል በአዲስ አበባ ከተከበረ በኋላ በግቤ ወንዝ ማዶ፣ በአባልቲ ኮረብታ፣ የኢጣልያ መድፍ ገና አልተማረከም ነበር። ዝናብ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ወንዙም ሞላ። ከወልቂጤ ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ ይዘው የመጡት በእንግሊዝ ጦር ሥር ያሉ የናይጄሪያ ወታደሮች በግንቦት 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግረው አባልቲን ያዙ። በዚሁ አካባቢ አምስቱን ዓመት ጠላትን ያስጨነቁት እነ ገረሱ ዱኪም ወደ ጅማ በተደረገው ዘመቻ ተካፈሉ። ጅማ በሰኔ 14 ቀን ተያዘች።

የምዕራብ አፍሪቃ ልጆች የራሳቸው አገር በሰው ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ የእኛን የግቤን ወንዝ ነጻ ለማውጣት ሲሻገሩ ማየት ለወልቂጤ ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። ከእነርሱ በሕይወት የተረፉት የናይጄሪያን ነጻነት ለማየት ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ጠብቀዋል፤ በእኛ አቈጣጠር ዕለቱ መስከረም 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር።