ያለ አየር መኖር፦ የስኳር መብላላት ጥናት አጭር ታሪክ

ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ አየር ይሻል የሚለው አስተሳሰብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ እንደማያከራክር እውነት ሲቆጠር ኖሯል። ይህን እምነት የለወጠው ምርምር የተነሣው ከአንድ ፋብሪካ ችግር ነበር።

በ1856 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊል በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ፣ ከቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለፋብሪካ ምርቱ ስለተበላሸበት የሳይንስ ፋኩልቲውን ዲን ሉዊ ፓስተርን ርዳታ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ፣ የስኳር መብላላት የሕያዋን ሥራ ሳይሆን ኬሚካዊ መፈራረስ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ፓስተር ግን በ1857፣ ወተትን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ የሚገኘው ረቂቃን ሕያዋን ስኳርን ሲያብላሉ መሆኑን አስታወቀ።

በ1861 ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ የሚያስገኙትን ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በጠብታው መካከል ያሉት ሲንቀሳቀሱ አየር በሚነካው ጠርዝ ያሉት ግን ፈዝዘው መቆማቸውን ተመለከተ። ለእነዚህ ፍጥረታት አየር ጠንቅ ነበር። በዚያው ዓመት እርሾ አየር ሲያገኝ በጥቂት ስኳር በብዛት እንደሚራባ፣ አየር ሲያጣ ግን ለጥቂት እድገት ብዙ ስኳር እንደሚፈጅ አሳየ።

ምክንያቱ የተገለጸው ቆይቶ ነው። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር ሕያው ሕዋስ በሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳር እንዲብላላ አደረገ፤ ሥራውን የሚያከናውኑትም በሕዋስ ውስጥ የሚገኙ ኤንዛይሞች መሆናቸው ታወቀ። ስለሆነም ፓስተርም ሊቢግም የእውነቱን ከፊል ይዘው ነበር ለማለት ይቻላል።

በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እንደተረጋገጠው፣ በብዙ ባክቴሪያዎች አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በመጀመሪያ ወደ ሁለት ፓይሩቬት ሲከፈል 2 ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ይተርፋል። ኦክሲጅን ከሌለ ፓይሩቬቱ ወደ ላክቲክ አሲድ፣ ወደ አልኮል ወይም ወደ ሌላ ውጤት ስለሚለወጥ አብዛኛው ጉልበት በዚያው ይቀራል። ኦክሲጅን ሲኖርና ባክቴሪያው ሊጠቀምበት ሲችል ግን፣ ሃንስ ክሬብስ በ1937 ባመለከተው ዑደት አማካይነት ስኳሩ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ድረስ ይቃጠላል። የሚገኘውም ጉልበት ብዙ እጥፍ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የተጻፈው 38 ኤ.ቲ.ፒ. ከፍተኛው ግምት ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን ከዚያ ያነሰና እንደ ባክቴሪያው ዓይነት የሚለያይ ነው።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ ተማሪ 2 እና 38 የሚሉትን ቁጥሮች ቢሸመድድ የትምህርቱን ፍሬ አገኘ ማለት አይደለም። መምህሩ ከቁጥሩ አስቀድሞ፣ አየር ያጣ ሕዋስ ብዙ ስኳር የሚፈጀው ስለ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው እርጎ የሚኮመጥጥበትን ምክንያት ጭምር በራሱ ማስተዋል ሊደርስበት ይችላል።