ስንጥቅን በቀዳዳ ማስቆም

ሞተር የምንነዳ ሰዎች ይህችን እናውቃታለን። የፊት መስታወቱ ላይ ዛሬ ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ትታያለች፤ ዝም ካልናት ውላ አድራ ስንዝር ትሆናለች። ለምን? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ እስቲ ባጭሩ ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ፣ "መስታወት" እንበለው እንጂ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አንዱ ዓይነት አክሪሊክ ነው፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1933 "ፕሌክሲግላስ" በሚል የንግድ ስም ያስመዘገበው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ከላያቸው የተከደነው ይኸው ነበር። በ1953 ደግሞ ፖሊካርቦኔት መጣ። ጀርመን ውስጥ ኸርማን ሽኔል፣ አሜሪካ ውስጥ ዳንኤል ፎክስ በየፊናቸው ደረሱበት። ይሄኛው ድንጋይ ቢመታውም በቀላሉ አይሰበርም፤ ግን ቶሎ ይጫራል።

የስንጥቁን ነገር ያብራራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኢንግሊስ ነው። የሚሳብ ሰሌዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጫናው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቀዳዳው እየሾለ ሲሄድ ግን ጫናው ከዚያም በላይ እየናረ እንደሚሄድ በ1913 በስሌት አሳየ። ስንጥቅ ማለት ደግሞ በጣም የሾለ ጫፍ ነው። ነፋሱና ንዝረቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይረባረባል።

የአውሮፕላን ጥገና ሰዎች ብልሃት የሚገባን እዚህ ጋ ነው፦ ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳሉ። ሹሉ ጫፍ ክብ ሲሆን ጫናው ይቀንሳል። ለእኛም ይሠራል፤ 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በቀስታ፣ ከጀርባው እንጨት ደግፎ። ጫፉን ከሳቱት ግን ዋጋ የለውም።

ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቀድማል። ቡሎኑን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ የላስቲክ ሮንዴላ ይኑረው። በቤንዚን፣ በአልኮል ወይም አሞኒያ ባለበት የመስኮት ማጽጃ አትወልውሉት፤ ፕላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ ያደክሙታል። ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

ደግሞም ቀዳዳው ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ስንጥቁ ዓይናችሁ ፊት ወይም ቡሎኑ ጋ ከሆነ ቀይሩት። በፍጥነት ላይ ሳላችሁ ቢገነጠል የሚመጣው ወደ ፊታችሁ ነው።

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውሉ ሞተረኛ ወዳጆቻችሁ አድርሱልኝ።