ጣርማ በር፣ ሞተር ሳይክልና «ጣሊያን የሠራው መንገድ»

ሦስት ሞተረኞች አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከተቀመጡ ክርክሩ አስቀድሞ ይታወቃል። የትኛው ጠመዝማዛ ይበልጣል? ጎንደር ደርሶ የመጣው ሊማሊሞን ያነሳል። ሌላው «ዓባይ በረሃ እያለ ምን ታወራለህ?» ይለዋል። ሦስተኛው ሁለቱንም ንቆ ማኪያቶውን ያማስላል። እኛ በዚህ ነገር ወገንተኝነታችንን አንደብቅም፤ የጣርማ በር ነን። ምክንያታችንም ቀላል ነው። ሊማሊሞ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። ጣርማ በር ግን ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ምሳ ደብረ ሲና በልተው፣ ሳይመሽ የሚመለሱበት ነው። ቢሆንልን ማለታችን ነው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

መንገዱን ለማያውቅ ባጭሩ እንንገረው። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ (ቅቤ የሚገዛ ይቁም)፣ ጫጫ እያለ 130 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ ደብረ ብርሃን ይገባል። እስከዚህ ድረስ ከብርዱ በቀር የሚወራ ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ሞተር ላይ ሆኖ ያለፈ ሁሉ ይመሰክራል። አረቄዋም ስመ ጥር ነው፤ ለሞተረኛ ግን ክልክል ነው። ጉዶ በረትን አልፈው ትንሽ እንደ ሄዱ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ቀኝ ግራው ገደል፣ ፊት ለፊቱ ጉም፣ መሐሉ ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፍ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም መሿለኪያ። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚህ ከፍታ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ 1300 ሜትር አካባቢ ድረስ፣ መንገዱ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ይወርዳል። ፍሬን ብቻ አምኖ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ፍሬን ይሸተዋል። ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን ራሱን እያስጓራ መውረድ ነው።

እንግዲህ ጉዳያችን እዚህ ጋ ይጀምራል። መሿለኪያው አፍ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ማለት ይቻላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ «ጣሊያን የሠራው መንገድ እኮ ነው!» ድፍረት ያለው ደግሞ ይቀጥላል፤ «ምናለ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ?» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከታክሲ ሾፌር ሰምተናል፣ ከመምህር ሰምተናል፣ ከገዛ ጓደኞቻችን ሰምተናል። ስለዚህ እስቲ መንገዱን ራሱን እንጠይቀው ብለን ተነሳን።

መጀመሪያ ስሙ። «በር» የሚለው ቃል ራሱ ማስረጃ ነው። ሰው ወደማይተላለፍበት ተራራ «በር» ብሎ አይጠራም። ይህ የደጋው ጠርዝ የሸዋ ሰው ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት፣ የአሞሌ ጨው ወደ ላይ የሚወጣበት ጠርዝ ነው። ትንሽ ወደ ደቡብ ያለው አንኮበር ስሙ ውስጥ ያው «በር» አለ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ ገመገም ሽቅብ ተንጠላጥሎ ነበር። በበቅሎና በእግር ይሁን እንጂ ሰዎች ይህን ጠመዝማዛ ለብዙ ትውልድ ወጥተውታል፣ ወርደውታል።

መኪናስ? ከጣሊያን ወረራ በፊት የኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ከፍቶ ነበር። ፒስታ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ነው፤ ግን መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ ሲያደርጉ ወደዚያ የሚያደርሰው መስመር ይኸው ነበር። ጣሊያኖቹ ሳይቀሩ «የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ» ብለው ይጠሩት ነበር። እያላገጡበት ቢሆንም ጠርተውታል።

ያላገጡበትን መንገድ ደግሞ ተጠቅመውበታል። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልን በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ማርሻል ባዶሊዮ 1700 ገደማ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ፋሺስቶቹ «የብረት ፈቃድ ሰልፍ» የሚል ስም አወጡለት። ሰልፉ በጥይት ብዙም አልተፈተነም፤ የፈተነው ጣርማ በር ነው። ኢትዮጵያውያኑ መንገዱን ሰብረውት ስለነበር ያ ሁሉ ካሚዮን ገደሉ አፋፍ ላይ ተገትሮ ቀረ። ወታደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ በዝናብ ውስጥ ድንጋይ እየተቀባበለ እስኪጠግነው ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጂቡቲ ተጓዙ። ሰልፉ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። አንድ የተሰበረ ኩርባ ታሪክን አላስቀረም፤ ግን ሮም ውስጥ አንድ ነገር ያስተማረ ይመስለናል። ይህን አገር በጠብመንጃ መያዝ ይቻል ይሆናል፤ ካሚዮን ካላለፈ ግን ይዞ መቆየት አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው የመንገድ ሥራ ጥድፊያ ከዚህ ውጭ ሲታይ ትርጉም የለውም። የጣሊያን የሥራ ሚኒስትር የነበረው ኮቦሊ ጂሊ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «የንጉሠ ነገሥት ግዛት መንገዶች» ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ሠራተኞች በመርከብ መጡ፤ ሲወደዱ ደግሞ ርካሹ የአገሬው ጉልበት እየተካቸው ሄደ። የጣርማ በር መሿለኪያም ያኔ ተቦረቦረ። ስሙንም ለአለቃቸው ሰጡት፤ «ሙሶሊኒ»። አስገራሚው ነገር ሰውየው ተረሽኖ ከሞተ ስንት ዘመን አልፎ ዛሬም የጉዞ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ይህንኑ ስም እየደጋገሙ ማተማቸው ነው። ጣርማ በር የሚል፣ ከእሱ የቆየ፣ ለመጥራትም የሚቀል ስም እያለው!

መንገዱ ላይ ምን ተጫነ? ይህን ጥያቄ ፎቶ የሚነሱት ሰዎች ሲጠይቁ ሰምተን አናውቅም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የበቀሉ እጅ ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። ጊዜው ግንቦት 12 ነው፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ምእመኑ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት። ጄኔራል ማለቲ ገዳሙን ከበበ፤ መነኮሳቱና ተሳላሚዎቹ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ ተረሸኑ። ግራዚያኒ በቴሌግራሙ 297 መነኮሳት ብሎ ሪፖርት አደረገ። ቦታው ድረስ ሄደው ያጠኑት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ቁጥሩን ከ1400 እስከ 2000 ያደርሱታል። ለጊዜው በሕይወት የቀሩት ወጣት ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። በግራዚያኒ ቆጠራ 129 ናቸው። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው እንገጫ ላይ ተገደሉ። እንግዲህ ማለዳ ሞተራችንን አስነስተን፣ ብርዱን እያማረርን፣ ሸኖን ጫጫን ብለን የምናልፍበት ምድር ይኸው ነው። የዲያቆናቱ ካሚዮንም ደብረ ብርሃን የገባው በመንገድ ነው።

ስለዚህ «ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚለውን ቃል ስንሰማ የሚያሳክከን «ሠራ» የሚለው አይደለም። ሠርቷል። ድጋፍ ግንቡን፣ የውሃ ማስተላለፊያውን፣ ኩርባው የተቀመረበትን ልክ ያየ ሰው የእጅ ሥራውን አይክድም፤ እኛም አንክድም። የሚያሳክከን «ልን» የምትለዋ ናት።

የሠራውን ደግሞ ራሱ አፍርሶታል። በ1933 አዲስ አበባ ስትለቀቅ ወደ ደሴ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር በዚሁ መስመር ነበር የሸሸው፤ ከኋላው የሚከተለውን የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አርበኞቹን ለማዘግየት መንገዱን እያፈረሰ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። የባዶሊዮ ሰልፍ ከደሴ ከተነሳ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀኑ እንኳ ሳይዛነፍ። በዚያ መሐል ባሉት ዓመታት በዚህ አገር የነበሩት የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ለጠላት ካሚዮን መንገዱ እንቅልፍ የሚነሳ እንዲሆን ማድረጋቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ከነፃነት በኋላ የተረፈው መንገድ ጥገና የሚፈልግ ፍርስራሽ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ያበደረው የመጀመሪያው ብድር ነበር፤ ከፊሉም ለመንገድ ነበር። በ1943 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አንድ መንገድ የሚኖረው በተቆረጠበት ቀን አይደለም። በየክረምቱ ናዳውን የሚጠርግ፣ ቦዩን የሚከፍት፣ አስፋልቱን የሚደፍን ሰው ሲኖረው ነው። ጣሊያን እዚህ የቆየው አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ መንገዱን ያቆዩት አውራ ጎዳና ካምፕ ውስጥ የኖሩ፣ አካፋና ዶማ የያዙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። «አውራ ጎዳና የጠበቀው መንገድ» የሚል ግን ሰምተን አናውቅም።

ለውጭ ሰው መስጠት የምንወደው እዚህ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ተወዳጅ የአንድ ቀን መስመራችን በሱሉልታና በሙከጡሪ አድርጎ ደብረ ሊባኖስ፣ ጉልበት ላለው ደግሞ ጎሐ ጽዮን አልፎ ዓባይ በረሃ ነው። ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሁሉም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ያሠሩት የሰላሌው ገዥ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ፖርቱጋሎች ከሄዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በኋላ! የዓባይ ድልድይ ላይ ግን ሁላችንም አንሳሳትም፤ በ2000 መጨረሻ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ጃፓኖች እንደሠሩት ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ምስጋናም ይገባቸዋል። መንገድ ሊሠሩ መጡ፣ ሠሩ፣ ሄዱ።

በነገራችን ላይ ጣሊያን ከድንጋይ ይልቅ አፋችን ውስጥ የበለጠ ሳይቆይ አልቀረም። ጋራዥ ገብታችሁ አንድ ሞተር ሲፈታ አዳምጡ፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። መካኒኩ ፋሺስትን በጭራሽ አይወድም፤ ቃሉን ግን አይለቅም። ቃል ማንንም አይገድልምና ይቆይለት።

አሁን «ቢሆንልን» ወዳልነው እንመለስ። መጀመሪያ የመጣው የከተማው ነው። በሰኔ 2011 የአዲስ አበባ አስተዳደር፣ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቷል ብሎ፣ ከሰኔ 30 ጀምሮ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ብዙ ሰው እንጀራው ተነካ፤ የእኛ ሽርሽር ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ድረስ መጣ። የምናውቃቸው ኩርባዎች ስም በዜና ላይ፣ የተያዙና የተለቀቁ ቦታዎች ሆነው ሲነበቡ ሰማን። ጠርዙ ዛሬም በር ነው፤ የያዘው ሰው ሸዋን ከላይ ያያል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የእኛም ጉዞ ተቋረጠ። በዚያ መንገድ ሳይወድ በግድ የሚመላለሰው ሾፌርና ደብረ ሲና አውቶቡስ መስኮት ላይ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ግን «ተቋረጠ» ብለው መቀመጥ አይችሉም።

እስከዚያው ቤት ቁጭ ብለን አንድ ነገር እየፈለግን ነው። መሿለኪያው ሲቦረቦር ድንጋይ የተሸከሙት፣ ከዚያም በኋላ በአውራ ጎዳና ካምፕ ያረጁት ሰዎች ስም። የሚኒስትሩ ስም ተጽፏል፣ የማርሻሉ ተጽፏል፣ የዱቼው ተራራው ላይ ተለጥፎ ነበር። የደብረ ሲና፣ የጉዶ በረት፣ የመዘዞ ልጆች ሆይ፣ አያታችሁ እዚያ ዶማ ከያዙ ስማቸውን ላኩልን፤ በየትኛው ኩርባ እንደሠሩ ካወቃችሁ ደግሞ እሱንም ጨምሩበት።