ከቤት ወደ አደባባይ የወጣው የጋኔሻ ልደት

ኮሌጅ ሳለሁ የሂሳብ አያያዝ ያስተማሩን መምህር ሕንዳዊ ነበሩ፤ የመጡትም ፑኔ ከምትባል ከተማ ነው። አንድ ቀን ስለ ገቢ ደረሰኝ ሲያስረዱን ሳቅ ብለው «እኔ ደረሰኝ መቁረጥ የተማርኩት በልጅነቴ፣ ለሰፈራችን የጋኔሻ በዓል መዋጮ ስሰበስብ ነው» አሉን። ጋኔሻ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ መሆኑን ያን ዕለት ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በዓል ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እኔን የሳበኝ በመዋጮ የቆመ በዓል መሆኑ ነው፤ እኛም በመዋጮ የቆምን ነንና እናንተም ትወዱታላችሁ ብዬ አሰብኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የጋኔሻ እናት ፓርቫቲ ገላዋን ልትታጠብ ስትል፣ ሰውነቷን ከተቀባችው እርድ ልጅ አበጅታ ሕይወት ሰጠችውና «በር ጠብቅ» አለችው። ባሏ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባም አለ። ሺቫ ተቆጥቶ አንገቱን ቆረጠው። እናቲቱ በሐዘንና በቁጣ ዓለምን ላጥፋ ብላ ስትነሣ፣ ለልጁ የዝሆን ራስ ተተክሎለት ዳነ፤ ከአማልክት ሁሉ በፊት ስሙ እንዲጠራም ተወሰነለት። ሂንዱ ነጋዴዎች አዲስ የሂሳብ መዝገብ ሲከፍቱ በመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ ስሙን የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ልደቱ ባድራፓዳ በሚባለው የጨረቃ ወር በአራተኛው ቀን ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ቤተሰቡ ከሸክላ የተሠራ ምስል ገዝቶ ያመጣል፣ ጸሎት ተደርጎ አምላኩ እንዲያድርበት ይለመናል፣ ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። ቀይ አበባና ሃያ አንድ የሣር ቅጠል ይቀርብለታል። የሚወደው ምግብ ሞዳክ ነው፤ የሩዝ ሊጥ ውስጥ ኮኮናትና የሸንኮራ አገዳ ጥቁር ስኳር ተደርጎ በእንፋሎት ይበስላል። እንደ ቤቱ ልማድ አንድ ቀን ተኩል፣ አምስት ወይም አሥር ቀን ከቆየ በኋላ፣ በሚመጣው ዓመት ቶሎ እንዲመለስ እየተለመነ ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ሸክላውም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። በዓሉ በገባበት ሌሊት ጨረቃን ማየት ክልክል ነው፤ ያየ ሰው በሐሰት ሌባ ተብሎ ይከሰሳል ይላሉ። ገንዘብ ያዦች ሁላችን ብናከብረው የማይጎዳን ሕግ ነው።

ፑኔ የምትገኝበት የማሃራሽትራ ሴቶች በበዓሉ ዋዜማ ይጾማሉ። በበዓሉ መካከል ደግሞ ጋውሪ የምትባለውን አምላክ ይቀበላሉ፤ ጋውሪ ፓርቫቲ ራሷ ናት። አገባቧ እንደ አምላክ ብቻ አይደለም፤ አግብታ ርቃ የሄደች ልጅ ወደ ወላጆቿ ቤት ለጥየቃ እንደመጣች ተደርጎ ነው። ሳሪ ያለብሷታል፣ ቤቱን ያሳዩአታል፣ ያበሏታል፣ በሦስተኛው ቀን ይሸኟታል። ልጁን ለሰፊው ሕዝብ አጋርተው እናቱን ለቤት ማስቀረታቸው ይገርመኛል።

በዓሉ ድሮም በአደባባይ ይከበር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፑኔን ይገዙ የነበሩት ፔሽዋዎች በታላቅ ድምቀት ያከብሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዞች ተሸንፈው ሲወድቁ ወጪውን የሚሸፍን መንግሥት ጠፋና በዓሉ ወደየቤቱ ገባ። ዳግመኛ ወደ አደባባይ ያወጣው የንጉሥ ግምጃ ቤት ሳይሆን የሰፈር መዋጮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ባውሳሄብ ራንጋሪ የተባሉ የፑኔ ሰው ጀመሩት የሚሉ አሉ፤ በጋዜጣው ያስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው። እንግሊዞች የፖለቲካ ስብሰባን በክፉ ዓይን ያዩ ነበር፤ የሃይማኖት በዓልን መከልከል ግን አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በጋኔሻ ድንኳን ሥር የነጻነት ንግግርና ዘፈን ይሰማ ጀመር።

ይህን ብቻ ተናግሮ ማለፍ ግን ሂሳቡን ግማሽ መጻፍ ይሆናል። በዚያው በ1893 ቦምቤይ ውስጥ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ደም አፋሳሽ ግጭት ነበር። እስከዚያ ብዙ ሂንዱዎች በሙስሊሞቹ የሙሐረም ሰልፍ አብረው ይወጡ ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ ያን ትተው የራሳቸውን በዓል እንዲያደምቁ ተቀሰቀሱ። አንዱን ሕዝብ ያሰባሰበው በዓል ጎረቤትን ከጎረቤት አራርቋል።

ከሁሉ የምወደው የላልባውግ ታሪክ ነው። ላልባውግ የቦምቤይ የሠራተኞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ገበያቸው የተዘጋባቸው ዓሣ አጥማጆችና ነጋዴዎች፣ ቋሚ ቦታ ካገኘን ጋኔሻን እናቆምልሃለን ብለው ተሳሉ። ቦታውን አገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ1934ም ስለታቸውን ፈጸሙ። ዛሬ ያንን ምስል ለማየት ሰው ብዙ ሰዓት ይሰለፋል። በዓሉ ሲያልቅ ኮሚቴው የተሰበሰበውን ገንዘብ በሰው ፊት ያስቆጥራል፣ የተሰጠውን ወርቅና ብር በጨረታ ይሸጣል።

እንዲህ ያሉት የሰፈር ኮሚቴዎች ማንዳል ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ የተመዘገቡት መዝገብ መያዝና ሂሳባቸውን ማስመርመር አለባቸው። አንዳንዶቹ ከበዓሉ በተረፈው ገንዘብ አምቡላንስ ገዝተዋል፣ ችግረኛ ልጆችን ያስተምራሉ። ሌሎቹ በምስል ቁመትና በድምፅ ማጉያ ጩኸት ይፎካከራሉ። በሸክላው ፋንታ ርካሹ ጄሶ በመግባቱም ውኃው እየተበከለ ነው፤ ጄሶ እንደ ሸክላ አይሟሟምና።

በማንዳሉ መዝገብ ድንኳኑ፣ አበባው፣ መብራቱ ሁሉ ወጪ ሆኖ ተጽፏል። በየቤቱ ሌሊት ተነሥታ ሞዳክ የጠቀለለችው ሴት ድካም ግን በየትኛውም መዝገብ የለም።

መምህራችንን አንድ ጊዜ «የእናትዎ ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «የሚቆረጠው በአባቴ ስም ነበር» አሉኝ፤ «ገንዘቡን ከሩዝ ጣሳው ውስጥ አውጥታ የምትሰጠኝ ግን እሷ ነበረች።»